አብርሃም «አይሆንም» ቢል ኖሮ ኃጢአት ይሆንበት ነበር?

የቅዳሜ መምህር (ክሩን የከፈተ) | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰንበት ትምህርት ቤት አሁን መመለሴ ነው፣ እራቴንም አልቀመስኩም። የማስተምረው ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የዛሬው ትምህርት ዘፍጥረት 22 ነበር። ሥዕሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ቢላዋው፣ መልአኩ፣ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ።

ስጨርስ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይሠዉልኝ ቢልዎ ያደርጉታል?» አለችኝ። ልጄ እዚያው ከኋላ ወንበር ተቀምጧል።

«እግዚአብሔር እንዲህ ብሎ አያዝም» አልኳት።
«አብርሃምን አዝዞት የለ እንዴ?»
«እሱማ ፈተና ነው።»
«ፈተና መሆኑን አብርሃም ያውቅ ነበር?»

ደወል ተደወለና ዳንኩ። ልጄ ግን ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሳስበው የልጅቷ ነገር ከአብርሃምም ይሰፋል። መግደል ክፉ የሆነው እግዚአብሔር ስለከለከለው ብቻ ከሆነ፣ ነገ «ግደል» ቢል መልካም ሊሆን ነው። ክፉ ስለሆነ ነው የከለከለው ካልን ደግሞ፣ እሱም የሚያየው ሌላ ሚዛን ከበላዩ አለ ልንል ነው። በሁለቱም በኩል ገደል ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁና እርዱኝ። «የኔ ሃይማኖት ካንተ» የሚል ጭቅጭቅ ግን በእናታችሁ እንዳታመጡብኝ።

---

ድንኳን ሰባሪ | ከምሽቱ 2፡31

መምህር፣ እኔ ብሆን «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳምንት እንመለስበታለን» ብዬ ዓመቱን እጨርሰው ነበር። መልስ የለኝም፤ ቆሎዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

---

ባለ ጥቁር ሰሌዳ | ከምሽቱ 3፡05

ልጅቷ ሳታውቀው ሶቅራጥስን ነው የደገመችው። ፕላቶ እንደጻፈው፣ ሶቅራጥስ በ399 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው) ሊከሰስ ሲል ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ኤውቲፍሮን ከሚባል ሰው ጋር ይገናኛል። ኤውቲፍሮን የመጣው የገዛ አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ ነው። አባትየው አንድ የቀን ሠራተኛ እጅና እግሩን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት ሰውየው ሞቷል። ኤውቲፍሮን «አማልክት የሚወዱት ይህንን ነው» ባይ ነው፣ ቅንጣት አይጠራጠርም። ሶቅራጥስ ታዲያ «አማልክት የሚወዱት ቅዱስ ስለሆነ ነው? ወይስ ቅዱስ የሆነው ስለወደዱት ነው?» ብሎ ያዘው። ሰውየው ዞሮ ዞሮ «ቸኩያለሁ» ብሎ ሄደ። መምህር፣ እርስዎን ደወል አዳነዎት፣ እሱን ቀጠሮ።

አጋጣሚው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚያ ልጅ አባቱን ለሞት ሊያሳልፍ ይሄዳል፣ እዚህ አባት ልጁን። ሁለቱም «ከላይ ታዝዣለሁ» ባዮች ናቸው።

ክርስቲያኖች ጥያቄውን ከወረሱት በኋላ ለሁለት ተከፈሉ። የእንግሊዙ መነኩሴ ዊልያም ኦካም (በ14ኛው መቶ ዘመን) የፈቃድን ወገን (መልካም የሚሆነው እግዚአብሔር ስለፈቀደው ነው የሚለውን) ይዞ እስከ ጫፍ ሄደ፤ እግዚአብሔር «ጥላኝ» ብሎ ቢያዝ መጥላት እንኳ ተገቢ ሊሆን ይችላል እስከ ማለት ደረሰ። ከእሱ በፊት የነበረው ቶማስ አኩዊናስ (በ1274 ነው የሞተው) በሌላው ወገን ነው፦ የእግዚአብሔር ሕግ ከጥበቡ ይወጣል፣ ሰውም በተፈጠረ አእምሮው ከዚያ ሕግ ይካፈላል ይላል። ነገር ግን አብርሃም ላይ ሲደርስ አኩዊናስም ላብ በላብ ሆኗል ብል አላጋነንኩም። የሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ሕይወትና ሞት የእግዚአብሔር ናቸው፣ ባለቤቱ ሲወስድ ግድያ አይባልም፣ አብርሃምም የባለቤቱ እጅ ነበር። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ ንገሯትና ፊቷን እዩ።

---

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ | ከምሽቱ 3፡48

መምህር፣ ልጅቷን እግዜር ያሳድጋት። ወንድማችን አቴናና እንግሊዝ ወስዶ አዞረን፤ እግሩ ይባረክ። ከራሳችን ጉባኤ ቤትም ግን የሚቀዳ አለ።

ሊቃውንቱ ዘመንን ሲከፍሉ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ይላሉ። ከአዳም እስከ ሙሴ ያለው የሕገ ልቡና ዘመን ነው። ጽላት የለ፣ «አትግደል» የሚል የተቀረጸ ቃል የለ። ይሁን እንጂ ቃየል ወንድሙን ገድሎ ሲጠየቅ «መች ከለከልከኝ?» አላለም። «የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?» ብሎ ሊያድበሰብስ ሞከረ። ያልተከለከለ ሰው ለምን ይደብቃል? ዮሴፍን ደግሞ እዩት። የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው «አታመንዝር» የሚለው ትእዛዝ ገና በሲና አልተነገረም። እሱ ግን «እንዴት ይህን ትልቅ ክፉ ነገር አደርጋለሁ? በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአትን እሠራለሁ?» አለ። ዐረፍተ ነገሩን አስተውሉት፤ መጀመሪያ «ክፉ ነገር» አለ፣ ቀጥሎ «በእግዚአብሔር ፊት»። ሁለቱን አልነጣጠላቸውም፣ አንዱንም በሌላው አልዋጠውም። ቅዱስ ጳውሎስም ሕግ የሌላቸው አሕዛብ «ለራሳቸው ሕግ ናቸው» ያለው ይህንኑ ነው፤ ሮሜ 2፡14።

ለልጆች የምነግራቸው ምሳሌ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የማንበላው ሥጋው ረክሶ አይደለም። ቢረክስማ ሐሙስ ባልበላነው። የታዘዝነው እንድንታዘዝ፣ ሥጋችንም እንዲገዛልን ነው። ዕፀ በለስም እንደዚያው ነች፤ ክፉ ዛፍ ስለሆነች አልተከለከለችም። ሐሙስ የሚፈቀድ ግድያ ግን የለም። ስለዚህ ትእዛዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፦ አንዱ ስለታዘዘ ግዴታ ይሆናል፣ ሌላው ክፉ ስለሆነ ይከለከላል።

«ታዲያ ከእግዚአብሔር በላይ ሚዛን አለ?» ለሚለው፣ ትምህርታችን «የባሕርይ» እና «የጸጋ» የሚለው ልዩነት አለው። እኛ ቸር ብንሆን ተሰጥቶን ነው፣ የጸጋ ነው። እሱ ግን ቸርነቱ የባሕርዩ ነው፤ ከማንም አልተቀበለውም፣ ነገ ደግሞ ሊቀይረው አይነሳም። «ራሱን ሊክድ አይችልም» ይላል መጽሐፉ፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፡13። ሚዛኑ ከበላዩም ከበታቹም አይደለም።

---

ጥያቄ አይሞትም | ከምሽቱ 4፡20

እኔ ማመን ካቆምኩ ሰነበትኩ፤ ክሩ ጨዋ ስለሆነ ልግባበት።

@ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፣ «ሐሙስ የሚፈቀድ ግድያ የለም» ያልከውን ከልቤ ወደድኩት። ግን 1ኛ ሳሙኤል 15ን ግለጠው። ሳኦል አማሌቅን እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ ወንዱን፣ ሴቱን፣ ጡት የሚጠባውንም። የተወቀሰው ደግሞ ንጉሡንና ጥሩ ጥሩውን ከብት በማትረፉ ነው። ያ ቀን ሐሙስ ነበር?

ሁለተኛ፦ «ባሕርዩ ቸር ነው» ማለት ጥያቄውን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ቸርነት ምን መሆኑን አስቀድመህ ካላወቅህ «ባሕርዩ ቸር ነው» የሚለው «ባሕርዩ ባሕርዩ ነው» ከማለት በምን ይለያል? አስቀድመህ ካወቅህ ደግሞ ያወቅህበት ሚዛን ያንተው ልብ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ሕገ ልቡናውን ወስደህ እግዚአብሔርን ተውልኝ።

ሦስተኛ የግሌ፦ እናቴን ለሦስት ዓመት ሳስታምም ያገዘችኝ ጎረቤቴ ሙስሊም ነች፣ የማደር ተራ ይይዝልኝ የነበረው ጓደኛዬ ምንም አያምንም፣ እኔም አላምንም። ማንም አላዘዘንም።

---

ባለ ጥቁር ሰሌዳ | ከምሽቱ 4፡52

@ጥያቄ አይሞትም፣ ለእናትህ ያደረግኸውን እግዜር ይቁጠርልህ፤ ባታምንም ልበልህ።

ሦስተኛው ነጥብህ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። ደጉን *ማወቅ* አንድ ነው፣ ደጉ *ከየት መጣ* ሌላ ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ዓባይን ሲጠጣ የኖረ ሰው ግሽ ዓባይን አይቶ ላያውቅ ይችላል። ሰምቶም ላያውቅ ይችላል። ውሃው አይቀንስበትም። «ምንጩን ስለማላውቅ ምንጭ የለውም» ቢል ግን አንስማማም።

ሁለተኛው ነጥብህ ከባድ ነው፣ አላቃልለውም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም አልስተን በፓሪስ የተቀመጠችውን የሜትር ዘንግ ምሳሌ አድርጎ ይመልሳል። ርዝመት ሁሉ የሚለካው በእሷ በነበረበት ዘመን «ዘንጓ ራሷ አንድ ሜትር የሆነችው በምን ተለክታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ መለኪያው እሷው ናትና። እግዚአብሔርም ለደግነት እንደዚያ ነው ይላል። መውደድ አለመውደድ ያንተ ነው፤ እኔ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደኝ፣ ዘንግና ፍቅር አንድ አይደሉምና።

የበለጠ የረዳኝ ሌላው አሜሪካዊ ፈላስፋ ሮበርት አዳምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የትእዛዝን ሐሳብ አስተካክሎ አቀረበው። ግዴታን የሚያቆመው *አፍቃሪ የሆነ* እግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ ጭካኔን ለጭካኔነቱ ቢያዝ ኖሮ ያን ትእዛዝ መጣስ ስህተት አይሆንም ነበር አለ። በኋላም መልካምነትን ከግዴታ ለየ። በቤታችን ልተርጉመው፦ ውሃ መቅዳት መልካም ነገር መሆኑን እናቴ አልፈጠረችውም። «አንተ ሂድና ቅዳ» ስትለኝ ግን የእኔ ግዴታ ሆነ፤ ያደረገችውም እሷ ናት። መልካሙ ከባሕርዩ፣ ግዴታው ከቃሉ ማለት ነው።

---

የእማማ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡10

ከአምልኮ አሁን መምጣቴ ነው (ጴንጤ ነኝ፤ መምህር አይደንግጡ፣ ጭቅጭቅ አላመጣም)።

እናንተ ስለ ኦካም ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ እህቴ ልንገራችሁ። አንድ «ነቢይ ነኝ» ባይ «ጌታ ተናግሮኛል፤ ቀለበቱን መልሺ፣ ይህ ሰው ያንቺ አይደለም» አላት። ሠርጉ አምስት ሳምንት ነበር የቀረው። አዳራሽ ተከፍሏል፣ ካርድ ተበትኗል። መለሰች። ሰውየው ምንም ያላጠፋ፣ እናቱን የሚጦር ልጅ ነው። «ምን አድርጎሽ ነው?» ስላት «ጌታ ሲናገር ለምን አይባልም» አለችኝ። ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ነቢይ ዘንድ ለሌላዋም እንዲሁ እንደተባለ ሰማን።

እና ለእኔ «እግዚአብሔር ስላዘዘ መልካም ነው» የሚለው ነገር ወረቀት ላይ ሲያምር ያምራል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን የሚያዘው እግዚአብሔር ሳይሆን ማይክ የያዘው ሰው ነው። ቃሉ ራሱ «መንፈስን ሁሉ አትመኑ» ይላል፣ 1ኛ ዮሐንስ 4። መርምሩ ከተባልን የምንመረምርበት ነገር ተሰጥቶናል ማለት ነው። በኤርምያስ 7፡31ም ልጆቻቸውን በእሳት ያቃጠሉትን ምን እንዳላቸው አንብቡ፦ እኔ ያላዘዝኩት፣ ወደ ልቤም ያልገባ። *ወደ ልቤም ያልገባ!* ያን ቃል ሳነብ ስለ እህቴ አለቀስኩ።

---

ድንኳን ሰባሪ | ከቀኑ 7፡22

ቆሎዬን አስቀመጥኩ። እህትሽ አሁን እንዴት ናት?

---

የእማማ ልጅ | ከቀኑ 7፡40

ደህና ናት። እሱ ግን አግብቷል።

---

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ | ከቀኑ 9፡15

@ጥያቄ አይሞትም፣ ሌሊቱን ሳኦል ላይ አደርኩ። የተማርኩትን ልንገርህ፦ ሕይወት የሰጠ የመውሰድ ሥልጣን አለው፤ የአማሌቅም በደል ከዘጸአት ጀምሮ የተቆጠረ ነበር። አበው ደግሞ ጦርነቱን ወደ ነፍስ ወስደው ይፈቱታል፤ አማሌቅ ኃጢአት ነው፣ ከሥሩ ካልነቀልከው ይመለሳል። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ጡት የሚጠባው ሕፃን ጋ ስደርስ ግን ያሳርፈኛል ብዬ አልዋሽህም። የኔታም አንድ ጊዜ እዚህ ላይ ጠይቄያቸው ዝም ብለው ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉና «ቀጥል» አሉኝ። ያኔ የተቆጡ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልመልስልህ። «ሕገ ልቡናውን ወስደህ እግዚአብሔርን ተውልኝ» አልክ። ልቡናህ ሲወቅስህ የሚወቅስህ ማን ነው? አንተው ራስህ ከሆንክ ለምን ይቅር ልትለው አትችልም?

---

ጥያቄ አይሞትም | ከቀኑ 10፡03

ጥሩ መታኸኝ። ምናልባት የሚወቅሰኝ እናቴ ናት፤ ማለቴ በውስጤ የቀረችው። አላውቅም። የኔታህ ግን ደስ አሉኝ።

ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። በ17ኛው መቶ ዘመን ከዋሻው ሆኖ ትእዛዛትን አንድ በአንድ በልቡና ብርሃን ፈተሸ። የጾም ሕግን፣ ምንኩስናን፣ የኦሪትን የመርከስ ሕግ «ከፈጣሪ አይደለም» ብሎ ሲጥል፣ ፈጣሪን ግን አልጣለም።

---

ባለ ጥቁር ሰሌዳ | ከቀኑ 10፡30

አላነሳሁትም፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ክርክር «ዘርዓ ያዕቆብ ነበረ ወይስ አልነበረም» እንደሚሆን አውቃለሁ። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የእሱ ነው የሚባለውን ጽሑፍ ያዘጋጀው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። አዲስ አበባ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ተሟገቱ። ዛሬም አልተቋጨም።

---

የመድረኩ አስተባባሪ | ከምሽቱ 1፡00

ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ማንነት የመጡ 14 መልሶች ወደ ሌላ ክር ተዛውረዋል። በአባት ስም የተሳደበው ሰው ለሳምንት ታግዷል። ወደ ርዕሱ ተመለሱ።

---

ባለ ጥቁር ሰሌዳ | ከምሽቱ 1፡25

(አላልኩም?)

መምህር፣ ወደ ልጅቷ ልመለስ። «አብርሃም እምቢ ቢል ኖሮ» ለሚለው ርዕስዎ ሁለት ፈላስፎች ፊት ለፊት ቆመዋል። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው ላይ አብርሃም ሊመልስ ይገባው የነበረውን ጻፈለት። ይዘቱ ይህ ነው፦ «ጥሩ ልጄን መግደል እንደማይገባኝ እርግጠኛ ነኝ፤ የምትናገረኝ አንተ እግዚአብሔር መሆንህን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።» የ@የእማማ ልጅ እህት ይህን ብታውቅ ኖሮ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ነበር።

ከ45 ዓመት በኋላ ዴንማርካዊው ኪርከጎር የለም አለ። አብርሃምን በሥነ ምግባር ልክ ካሰፋችሁት አብርሃም ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ከዚያ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለማንም ሊያስረዳው የማይችለው እምነቱ። ለሣራ እንኳ አልነገራትም።

እኔ ቀን ቀን ካንት፣ ሌሊት ኪርከጎር ነኝ። ግን አራት ምዕራፍ መለስ ብላችሁ ዘፍጥረት 18ን ብታነቡ፣ ያው አብርሃም ለሰዶም ሲከራከር «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎታል። ፊት ለፊት! ከ50 ጻድቃን ተነስቶ እስከ 10 አወረደው። እግዚአብሔርም አልተቆጣም። ለማያውቃቸው ሰዎች እንደዚያ የተደራደረ ሰው ለልጁ ለምን ዝም አለ? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

---

የእማማ ልጅ | ከምሽቱ 2፡02

ዕብራውያን 11፡19 ይመልሰዋል፤ ከሙታን እንኳ ሊያስነሣው እንደሚችል አስቦ ነው። ብላቴኖቹንም «ሰግደን ወደ እናንተ እንመለሳለን» ብሏቸዋል። *እንመለሳለን* ነው ያለው፣ በብዙ ቁጥር። በ18ኛው ምዕራፍ ፈራጁን ገና እያወቀው ነበር፣ በ22ኛው አውቆታል። የሚያምነው ትእዛዙን ሳይሆን አዛዡን ነው።

---

ጥያቄ አይሞትም | ከምሽቱ 2፡15

ይህኛው እስካሁን ከሰማሁት ይሻላል። አላመንኩም፣ ግን ይሻላል።

---

የቅዳሜ መምህር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሳምንቱን ሁሉ ሳነባችሁ ሰነበትኩ። ዛሬ ክፍል ገብቼ መጀመሪያ ባለፈው ደወሉ እንዳዳነኝ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ቀጥዬ የሐሙሱን ሥጋ፣ ዮሴፍን፣ የውሃ መቅዳቱን፣ የኤርምያስን «ወደ ልቤም ያልገባ» አስተማርኩ። ኦካምን ዘለልኩት። «ልጄን ሠዋ የሚል ድምፅ ብሰማ፣ ድምፁ የእግዚአብሔር አይደለም ብዬ ወደ ንስሐ አባቴ እሮጣለሁ» አልኳት። ይህን ስል ወደ ኋላ ወንበር ነበር የማየው። ልጄ ቀና አለ።

ልጅቷ እሺ የምትል መሰለኝ። መጽሐፏን ገልጣ ቆየችና «መምህር፣ ሲመለሱስ ይስሐቅ የታለ?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ቁጥር 19ን አነበበችልኝ፦ «አብርሃምም ወደ ብላቴኖቹ ተመለሰ።»

---

ድንኳን ሰባሪ | ከምሽቱ 2፡51

ከፍቼ አየሁት። እውነትም ስሙ የለም።

---

ባለ ጥቁር ሰሌዳ | ከምሽቱ 2፡58

ስንት ዓመት ሳስተምረው አላየሁትም።

---

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ | ከምሽቱ 3፡30

መምህር፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም ልምጣ? ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።